የሩቅ አደራ ጠባቂን ስለ መምረጥ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ለተማሪዎች፥ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



 የምናገረው በኮምፒዩተር ያስቀመጥነውን ሥራችንን በሩቅ ላለ ድርጅት አደራ ለመስጠት ስናስብ፥ የሚታመነውን ከማይታመነው እንዴት ለይተን እንደምንመርጥ ነው።

ምናልባት «ይህ የትልቅ ከተማ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለውጫሌ ምን ይረባታል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ በየቤታችን ያለውን እናስተውል። የመምህሩ የውጤት መዝገብ፥ የነጋዴው ሒሳብ፥ የተማሪው የምስክር ወረቀት ቅጂ፥ ዐረብ አገር የሄደች እኅት የላከችው ፎቶግራፍ፥ ያረፈ አባት በሠርግ ላይ ሲመርቅ የተቀዳው ድምፅ፥ ይህ ሁሉ ያለው በአንድ ኮምፒዩተር ወይም በአንድ ስልክ ውስጥ ነው። አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ኮምፒዩተር ግን እንደ ወረቀት አይደለም፤ የያዘውን ባንድ ቀን ይለቃል። ዲስኩ ያረጃል፥ ይወድቃል፥ ይሰረቃል፤ መብራት ደጋግሞ ሲጠፋና ሲመጣም ይበላሻል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ በብዙ ትምህርት ቤቶችና መሥሪያ ቤቶች የነበረው ንብረት ተዘርፏል፤ ተሰባብሯል። ዕቃው በገንዘብ ይተካል፤ በውስጡ የነበረው ጽሑፍ ግን ሌላ ቅጂ ከሌለው በምንም አይተካም።

ቅጂን በሩቅ ስፍራ ማኖር ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የኖረ፥ የአቡነ ኢየሱስ ሞአ የሚባል ወንጌል አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ከተጀመረ በኋላ ይህም መጽሐፍ ፊልም ተነሥቶ፥ ቅጂው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ ተቀመጠ። ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም በዚያ ተቀምጠው ብዙዎቹን መጻሕፍት መርምረው ዝርዝራቸውን ጻፉ። በዚህ ሥራ ዋናው መጽሐፍ ከባለቤቱ እጅ አልወጣም፤ ቅጂው ግን እሳትም ጦርነትም ባንድነት በማያገኛቸው ሩቅ ስፍራ ሆነ። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ማናቸውንም አደራ ጠባቂ ድርጅት ከመምረጣችን በፊት አምስት ጥያቄዎችን እንጠይቅ።

1ኛ፤ ቅጂው በስንት ስፍራ ይቀመጣል? መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦ.ቪ.ኤች. የተባለው ድርጅት የመረጃ ማከማቻ በእሳት ተቃጠለ። መጠባበቂያ ቅጂያቸው በዚያው ግቢ የነበረ አንዳንድ ደንበኞች ሁለቱንም ባንድ ሌሊት አጡ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ኮሪያ በዴጆን ከተማ የመንግሥት ማከማቻ ተቃጥሎ፥ ሌላ ቅጂ ያልነበረው የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ጽሑፍ ጠፋ። በሥልጣኔ የገፋ አገር እንኳ ይህን ካየ፥ እኛ ሳንጠይቅ ማመን አይገባንም።

2ኛ፤ የትናንቱን ይመልሳልን? አንዳንዱ አገልግሎት በኮምፒዩተራችሁ ላይ ያለውን ብቻ እንደ መስተዋት ያሳያል። በስሕተት ብታጠፉት እዚያም ይጠፋል፤ ቫይረስ ገብቶ ቢቆልፈው የተቆለፈው ወደዚያ ይሄዳል። እውነተኛ መጠባበቂያ ግን የትናንቱንና ያለፈውን ወር ቅጂ ለይቶ ያቆያል። ለስንት ቀን እንደሚያቆይ አስቀድማችሁ አንብቡ።

3ኛ፤ ቁልፉ በማን እጅ ነው? ጽሑፋችሁ ከኮምፒዩተራችሁ ሳይወጣ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ፥ ቁልፉም በእጃችሁ ብቻ የሚቀር ከሆነ፥ የድርጅቱ ሠራተኛ እንኳ ሊያነበው አይችልም። ነገር ግን ቁልፉ ከጠፋባችሁ ድርጅቱም ሊከፍትላችሁ አይችልምና፥ በወረቀት ጽፋችሁ ከሌላው ሰነዳችሁ ጋር አኑሩት። አገራችንም የግል መረጃን ለመጠበቅ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ ይሁን እንጂ አዋጅ የሚያግዘው ራሱን የሚጠብቀውን ሰው ነው።

4ኛ፤ ድርጅቱ በምን ይኖራል፥ ውሉስ ምን ይላል? ጉግል 15 ጊጋባይት፥ የማይክሮሶፍት ዋን ድራይቭና የአፕል አይክላውድ ደግሞ 5 ጊጋባይት ያለ ዋጋ ይሰጣሉ። ይህ ለምስክር ወረቀትና ለጽሑፍ ይበቃል፤ ለብዙ ፎቶግራፍ ግን አይበቃም። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል ሒሳብ ከነያዘው ሊያጠፋው እንደሚችል በውሉ ጽፏል። ስለዚህ ያረፈ ወይም ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ፎቶግራፍ በዚያ ካለ፥ ወራሹ ጊዜው ሳያልፍ ያውጣው። ክፍያው በውጭ አገር ገንዘብ ከሆነም፥ አንድ ወር ሳይከፈል ቢቀር ምን እንደሚሆን ጠይቁ።

5ኛ፤ የሰጠነው ሳይለወጥ ይመለሳልን? በዚህ ነገር የከተማችን ስም ራሱ አስተማሪ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር የተዋዋሉት የውጫሌ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። በ17ኛው አንቀጽ ግን አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራት ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም ይቻላታል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ከዚህ የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ አደረሰ። የአማርኛው ጽሑፍ በእጃችን ባይኖር ኖሮ በምን እንከራከር ነበር? ስለዚህ በሰው እጅ ያለውን ቅጂ ማመሳከር፥ የራስንም ቅጂ ከእጅ አለማውጣት ተገቢ ነው። በየሦስት ወሩ ጥቂት ጽሑፍ ከሩቁ ማከማቻ አውርዳችሁ ክፈቱ፤ ከራሳችሁም ጋር አስተያዩ። ተመልሶ ያልታየ መጠባበቂያ ተስፋ እንጂ መጠባበቂያ አይደለም።

ደግሞም የአገራችንን ሁኔታ አንርሳ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ንብረቱ ሁሉ በሩቅ ብቻ የነበረ ሰው ከገዛ ሥራው ተለያየ። መሥመሩ ሲኖርም ቀስ ይላል፤ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት በሚልክ መሥመር 50 ጊጋባይት ለመላክ ሳያቋርጡ ከ55 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው ምክር ለዚህ መልካም መድኀኒት ነው፤ ይኸውም ሦስት ቅጂ፥ በሁለት ዓይነት ዕቃ፥ አንዱ ከቤት ውጭ የሚል ነው። ለእኛ ሲተረጐም አንዱ በኮምፒዩተሩ፥ አንዱ በቤት ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ተነቃይ ዲስክ፥ አንዱ በሩቅ አደራ ጠባቂ ዘንድ ይሁን። ለሩቁም አስቀድማችሁ የሚተካ የሌለውን ላኩ፤ ፊልምና ዘፈን ወደ ኋላ ይቆይ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ወላጆቻችን ይህን ሥራ ላያውቁት ይችላሉ፤ የሚያጡት ግን እነርሱም ናቸው። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች በዚህ ሳምንት ውስጥ የእናት የአባታችንን ፎቶግራፍና የቤታችንን ሰነድ በሁለት ተጨማሪ ስፍራ እናኑር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው እንዳይሆንብን፥ ሥራው ዛሬ ይጀመር።