«በቃኝ» ማለት አስቀድሞ ነው
(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው በህንድ አገር ጃይን ስለሚባሉት አማኞችና ስለ ንብረት ስላላቸው ትምህርት ነው። ሃይማኖት ለመስበክ አይደለም፤ ሁላችንም የየራሳችን እምነት አለን። ነገር ግን መልካም ምክር ከየትም ቢመጣ ይሰማል።

ጃይኖች በቁጥር ጥቂት ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በተደረገው የህንድ ሕዝብ ቆጠራ ወደ 4 ሚሊዮን ተኩል ነበሩ። ከመካከላቸው ብዙ ነጋዴ አለ። ታላቁ መምህራቸው ማሃቪራ የዛሬ 2500 ዓመት ገደማ ከገዥ ቤተሰብ ተወልደው፣ በ30 ዓመታቸው ሀብትና ክብራቸውን ትተው እንደወጡ ይተረካል።

ከአምስቱ ቃል ኪዳኖቻቸው አንዱ አፓሪግራሃ ይባላል። ንብረትን የሙጥኝ አለማለት ማለት ነው። መነኮሳቱ ይህን እስከ መጨረሻው ይፈጽሙታል። ዲጋምባራ በሚባለው ወገን ያሉት ወንዶች መነኮሳት ልብስ እንኳ የላቸውም። ነፍሳትን ላለመርገጥ የሚጠርጉበት የጣዎስ ላባ መጥረጊያና የውሃ መያዣ ይይዛሉ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ቆመው፣ በመዳፋቸው ይበላሉ።

እንግዲህ «ይኼ ለመነኩሴ ነው፤ ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ስለዚህ ለባለትዳሩ ቀለል ያለ ቃል ኪዳን አላቸው። ባለትዳሩ ሁሉን ተው አይባልም፤ ልክ አብጅ ነው የሚባለው። መሬትና ቤት፣ ወርቅና ብር፣ ከብትና እህል፣ የቤት ዕቃም ሳይቀር፣ እያንዳንዱን «እስከዚህ ይበቃኛል» ብሎ ቃል ይገባል። የተረፈው ለምጽዋት ቢውል ይመሰገናል። በዴልሂ ከተማ በቤተ መቅደሳቸው ግቢ፣ በምጽዋት ገንዘብ የሚተዳደር የወፎች ሆስፒታል አላቸው። የቆሰለች እርግብ በነፃ ትታከምበታለች።

ቁም ነገሩ «አስቀድሞ» የሚለው ላይ ነው። ገንዘቡ ኪስ ከገባ በኋላ ልክ ላብጅ ቢሉ፣ ልኩም አብሮ ያድጋል እኮ! ደግሞም ንብረት ማለት ዕቃው ሳይሆን የልብ መያዝ ነው ይላሉ። ባዶ እጁን ሆኖ በሰው ቤት የሚቃጠል ሰው፣ እሱም ተይዟል።

ከ1867 እስከ 1901 የኖሩት ሽሪማድ ራጅቻንድራ የቦምቤይ ዕንቁ ነጋዴ ነበሩ። ማሃትማ ጋንዲ እጅግ ያከብሯቸው ነበር። አንድ ነጋዴ በተቆረጠ ዋጋ ዕንቁ ሊያስረክባቸው ተዋውሎ ሳለ ገበያው ናረ። በውሉ መሠረት ቢያስረክብ ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። እሳቸው ውሉን ቀደው ሰውየውን ነፃ አወጡት ይባላል። ትርፉ በእጃቸው ነበር፤ ልባቸው ግን አልተያዘበትም።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅማል? በሰፈራችን ሰርግና ተዝካር በመጣ ቁጥር ዕዳ የሚገባ ቤት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ድግሱ የሚለካው በአቅም ሳይሆን ጎረቤት ባረደው ነው። ከዚያ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይቀራል፤ የማኅበር መዋጮ ይቀራል፤ በመጨረሻም ሰውየው አፍሮ ከስብሰባ ይቀራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?

ይህን ስንል የተቸገረውን «በቃህ» ማለታችን አይደለም። ራት ለጎደለበት ቤት ይህን ምክር ማንበብ ነውር ነው። «በቃኝ» ማለት የሚገባው ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው አንድ ነገር ያሳስባል። ድግስ ያለበት ቤት፣ ገና ጌሾው ሳይገዛ፣ ባልና ሚስት ቁጭ ብለው ልካቸውን በወረቀት ይጻፉ። ወረቀቱን ለማንም ማሳየት አያስፈልግም። እኛም ጎረቤቶች ተጠርተን ስንሄድ ምን እንደቀረበ ቆጥረን አንውጣ፤ ሰውን ዕዳ ውስጥ የሚከተው ወሬያችን ነውና። ስለ ድግስ ልክ የጋራ ደንብ ይውጣ የሚል ሐሳብ ያለው በሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርብ።



የማኅበሩ ጸሐፊ