ከትርፉ ለሠራተኛውም



ውድ ተመራቂዎች፣ ከመካከላችሁ ነገ የራሱን ድርጅት የሚከፍት አለ፤ የሌላውን ሒሳብ የሚዘጋም አለ። ለሁላችሁም አንድ አደራ አለኝ፤ ትርፍ ሲገኝ ሠራተኛው ድርሻውን ያግኝ።

የምሠራው የቤት ዕቃ ነው። እኛ ዘንድ ኤምዲኤፍ የሚቆርጠው ልጅ ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት በሜትርና በእርሳስ ሲያሰላ ይቆያል። የቁም ሣጥኑን በር ከመደርደሪያው ጎን አጋጥሞ ካሰመረ፣ ሦስት ኤምዲኤፍ ይፈጅ የነበረው ሥራ በሁለት ተኩል ያልቃል። የተረፈችው ግማሽ የምትገባው ከእኔ ትርፍ ውስጥ ነው። ደመወዙ ለመቁረጡ ነው፤ ለማሰቡስ ማን ከፈለው? ይህን ዝም ብለን ካለፍነው የበሬን ምስጋና ፈረሱ ወሰደው። ስለዚህ በድርጅታችን የሠራተኛው የትርፍ ድርሻ በቅጥር ውሉ ላይ ተጽፏል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ እንድንከፍል ያስገድደናል፤ ቦነስን ግን ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ የግል አሠሪ ትርፉን እንዲያካፍልም አያዝዝም። ሕግ ዝም ባለበት የሚጠይቀን ኅሊና ነው።

እንግሊዛዊውን ነጋዴ ጆን ስፒዳን ሉዊስን ይኸው ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶት ነበር። እሱ፣ አባቱና ወንድሙ ከሁለት መደብሮች የሚያገኙት ገቢ የሠራተኞቹን ሁሉ ደመወዝ እንደሚያህል ተረዳ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 ትርፍ ማካፈል ጀመረ፤ በ1929 ደግሞ ድርጅቱን ለሠራተኞቹ ጥቅም በባለአደራ እንዲተዳደር አደረገ። ድርጅቱ ዛሬም እየነገደ ነው።

“ኪሳራ ሲመጣስ ይካፈሉኛል?” የሚል ባለሀብት አይጠፋም። ይካፈላሉ እንጂ! ገበያ ሲቀዘቅዝ ደመወዙ የሚዘገየው፣ ከሥራ የሚቀነሰው ማን ሆነና? ለማስፋፊያና ለመጠባበቂያ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ እኔ የምለው ከዚያ ስለሚተርፈው ነው።

ድርጅት የምትከፍቱ፣ የሠራተኛውን ድርሻ ገና ቢዝነስ ፕላኑ ላይ በመቶኛ አስፍሩት። ለበዓል የሚሰጥ የበግ መግዣ በአሠሪው ደግነት የሚወሰን ነው፤ ተጽፎ የተፈረመ ድርሻ ግን መብት ነው። ሒሳብ የምትዘጉ፣ የዓመቱን ትርፍ ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ አስረዱት። ትርፍን አሳንሶ ማሳየት ከሰው ጉሮሮ መንጠቅ ነው፤ “እንዲህ አድርገህ ጻፍልኝ” የሚላችሁ አለቃ ቢመጣ እምቢ በሉ።

ሀብታችሁ ለብዙ ቤት የሚተርፍ ይሁን።