«ነገ ምን ሊሠሩ ነው?» ስለ አለርጂ መድኃኒት ከላስታ
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



የምሠራው ላሊበላ ነው። በላስታ ገብሱ አውድማ ላይ ሲወቃና እብቁ ሲነሳ ማስነጠስ ይበዛል። ሰዉ «ሳይነስ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የአፍንጫ አለርጂ ነው። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊትም ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝቶ ውጧል።

ክኒኑ ይጠቅማል፤ ጥያቄው የትኛው፣ ለማን ነው። የድሮዎቹ ክሎርፌኒራሚን፣ ፕሮሜታዚንና ዳይፈንሃይድራሚን አንጎል ውስጥ ስለሚገቡ እንቅልፍ ያመጣሉ። ማታ ተወስደውም ጠዋት ሊያደነዝዙ ይችላሉ። ከጋሸና ወደ ላሊበላ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁ፣ እዚያ ሾፌር ቢያንጎላጅ ምን እንደሚከተል አልነግራችሁም። ጠላና አረቄ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ከማዘዛችን በፊት «አባባ፣ ነገ ምን ሊሠሩ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ለአብዛኛው አዋቂ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይበቃል። ሴትሪዚንም አንዳንዱን ስለሚያስተኛ ማታ ቢወሰድ ይሻላል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ መጠኑ ይቀነሳል። የማታው ለጾመኛም ይመቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ሰው በቀን ሦስቴ የታዘዘለትን አይውጥም፤ እኛም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለን ሌላ እንጨምርለታለን።

ሽንት አልወጣ ለሚላቸው አባቶችና ግላኮማ ላለባቸው የድሮዎቹን አንስጥ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን እናቱ በራሷ እንዳትሰጥ እንንገራት። የጉንፋን መድኃኒትም እየወሰዱ እንደሆነ እንጠይቅ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ክሎርፌኒራሚን ስላለ ሰው ሳያውቅ ደርቦ ይወስዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ክኒኑ የማይደርስበትን እንለይ። ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሰው አስም ሊኖርበት ስለሚችል በደንብ ይመርመር። ላስታ የማር አገር ነው፤ ንብም ይነድፋል። የተነደፈበት ቦታ ብቻ ካበጠና ካሳከከው ክኒኑ ይረዳዋል። ምላሱ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ራሱን ከሳተ ግን መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፤ ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም፣ ጭኑ ጡንቻ ላይ፣ ወዲያው። ክኒኑ ማሳከኩን ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም።

መምህሮቻችን፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ጤና ጣቢያ ስትልኩ ይህን አስይዛችሁ ላኩልን። አድሬናሊኑ መሳቢያ ውስጥ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን በየጠዋቱ ይዩ። ታካሚውንም ስለ ነገ ሥራው ይጠይቁት።