ከቦሌ እስከ ሸዋ ሮቢት

ከይፋት ቆላ ተነሥቶ ለእንጀራው ወደ ዐረብ አገር የተሰደደ፣ በዚያም ከሕንፃ ወድቆ ወይም መኪና ገጭቶት እግሮቹ አልታዘዝ ያሉት መንገደኛ ወደ ትውልድ ቀዬው ወደ ቀወት ሲመለስ፣ በአንዲት ዕለት ውስጥ ሁለት ዓለም ያያል።

ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ ሲያርፍ፣ አየር መንገዶች በተስማሙበት ሥርዓት መሠረት፣ ጉዳዩ አስቀድሞ በመዝገብ ሰፍሮ ይጠብቀዋል። ሥርዓቱ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሻውን መንገደኛ በሦስት ማዕርግ ይለየዋል፤ ይኸውም አንደኛው፦ ደረጃ የሚወጣ ነገር ግን ሩቅ መራመድ የማይችል፣ ሁለተኛው፦ ደረጃ የማይወጣ ነገር ግን በአውሮፕላኑ ውስጥ እስከ መቀመጫው የሚደርስ፣ ሦስተኛው፦ ፈጽሞ የማይራመድና በመቀመጫዎቹ መካከል በምታልፍ ጠባብ ወንበር የሚወሰድ ነው። ይህን ያስገኘው የአስተናጋጆች ርኅራኄ ብቻ አይደለም። አሜሪካ በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያወጡት ሕግ፣ መንገደኛን በአካል ጉዳቱ ሳቢያ መከልከልንም ሆነ ለእርዳታው ዋጋ ማስከፈልን ስላገደ ነው። አየር መንገድ ሁሉ ጻድቅ ነው ማለቴ አይደለም፤ ብቻውን የሚጓዘውን ዐይነ ስውር አጃቢ አምጣ የሚሉ፣ ወንበሩንም ሰብረው የሚመልሱ ዛሬም አሉ። ነገር ግን የተበደለው ሰው የሚጠቅሰው ሕግ አለው።

ከቦሌ ወጥቶ፣ ወደ አገሩ የሚወስደውን አውቶቡስ ሊሳፈር ላምበረት መናኸሪያ ሲደርስ ግን ሥርዓቱ ያበቃል። ረዳቱና አንድ ሁለት ደጋግ ሰዎች በብብቱና በጉልበቱ ሥር ገብተው ያነሡታል፤ ወንበሩ ታጥፎ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዴም እንደ ሽንኩርት ጆንያ ሒሳብ ይጠየቅበታል። ከዚያም ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከሦስት ሺህ ሜትር ከፍ ከሚለው ከጣርማ በር ብርድ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ፣ ደብረ ሲና ላይ ሌላው መንገደኛ ምሳውን ሊበላ፣ ሽንቱንም ሊሸና ሲወርድ፣ እርሱ ከመቀመጫው አይነቃነቅም። እንደገና ተሸከሙኝ ማለት ያሳፍረዋልና። ስለዚህ ጉዳዩን የሚያውቀው ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አይጠጣም፤ ቆላ ለሚወርድ ሰው ይህ ምን ዓይነት ጾም እንደ ሆነ የቀወት ሰው ያውቃል።

የዚህ ሁሉ መነሻ የሰው ክፋት ነው ብዬ አልፈርድም። ቅጥቅጥ የምንለው አውቶቡስ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተገጠመ አካል ነውና፣ ሻንሲው ጭነት ሊሸከም እንጂ ሰው ሊወጣበት ስላልታሰበ፣ ወለሉ ከፍ፣ መወጣጫውም ቀጥ ብሎ ቀረ።

በዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ፣ በመጻጉዕ፣ 38 ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ የኖረው ድውይ ይታሰባል። ጌታ በጠየቀው ጊዜ ያሰማው አቤቱታ ስለ ደዌው ሳይሆን፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስለ ማጣቱ ነበር። እኛም ይህን ሰምተን ሰው ልንሆንለት እንሻማለን፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በዚህ አይታማም። ነገር ግን የሚያነሣ ክንድ ሁልጊዜ በመገኘቱ፣ መወጣጫውን ዝቅ ማድረግ ማንም ሳያስበው ኖረ፤ ደግነታችን ጉድለታችንን ሸፈነው።

ስም ያለው ሰው፣ ሰው አያጣም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በዚሁ በሰሜኑ ጎዳና በሸኖ አካባቢ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ እግሮቹ ከሸፉበት በኋላ፣ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ታከመ፤ በ1962 ዓ.ም. በወንበር ላይ ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በ1963 ዓ.ም. ደግሞ ኖርዌይ ላይ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ አሸነፈ። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰው እሳትና ጦርነት የአካል ጉዳት ያገኘው ስም የለሽ ገበሬ ግን፣ ለሕክምና ደብረ ብርሃን ሲመላለስ በየጊዜው አዲስ ተሸካሚ ይለምናል።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚደነግገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም፣ ቁጥር 624/2001፣ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ሁሉ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጓል። መግቢያው ቢሠራ እንኳ፣ ሕንፃው ፊት የሚቆመው መኪና ያው ነው።

የመኪናው ወለል ዝቅ ካላለ ግን ምድሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል። የብራዚሏ ከተማ ኩሪቲባ መንገደኛው በአውቶቡሱ ወለል ልክ ቆሞ የሚጠብቅባቸውን ጣቢያዎች ሠርታ፣ ወደ አውቶቡሱ ለመግባት ደረጃ መውጣትን አስቀርታለች። የቅጥቅጥ በር ጠባብ ስለ ሆነ ወንበሩን ላያስገባ ይችላል፤ ቢሆንም ክንዱ የጠና ሰው ከእኩያ ወለል ላይ ሆኖ ራሱን ወደ መጀመሪያው መቀመጫ ያሻግራል።

ስለዚህ ለሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ኃላፊዎችና ለባለንብረቶች ማኅበራት የማቀርበው ልመና አጭር ነው። አንዲት የድንጋይ መደብ ከመኪናው ወለል እኩል ትገንባ፤ ጀርባዋም ተሽከርካሪ ወንበር እንዲወጣባት ቀስ ብሎ ያዘቅዝቅ፤ ለወንበሩም የጭነት ሒሳብ እንደማይጠየቅ ከታሪፉ ሰሌዳ ጎን በጉልህ ይጻፍ።