የመኪናው የክብደት ጽሑፍና የእኛ ኩንታል

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባል ማኅበራት ተወካዮች የቀረበ ንግግር)





በዚህ መድረክ ስለ ምርት፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ተብሏል። እኔ የምናገረው እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ገዢው ዘንድ እስኪደርስ ስላለው ጉዞ፣ በተለይም ስለ መኪና የመጫን አቅም ነው። ጉዳዩ የሾፌርና የትራፊክ ፖሊስ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ጫኚዎቹ እኛ ነን።

በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ መሠረት፣ አንድ ፋብሪካ የሸጠው መኪና ጉድለት ከተገኘበት ለባለቤቶቹ በደብዳቤ አስታውቆ በነጻ ያስተካክላል። ይህ የሚደረገው ፍሬን ወይም መሪ ሲበላሽ ብቻ አይደለም። በሾፌሩ በር አካባቢ የተለጠፈው የክብደት ጽሑፍ ስህተት ሆኖ ሲገኝም መኪናው ይጠራል። ለዕቃ ማመላለሻ የተሠሩ ቫኖችም ሞተራቸው ደኅና፣ ጎማቸው አዲስ ሆኖ ሳለ ለዚች ለአንዲት ወረቀት ሲባል ብቻ ሊጠሩ ይችላሉ። ፋብሪካው ትክክለኛውን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ይልካል ወይም ራሱ ይለጥፋል።

ለአንዲት ወረቀት ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? ጫኚው የመኪናውን ጉልበት በዓይኑ ማየት ስለማይችል ነው። ገበሬ አህያው ስትከብዳት ያውቃል፤ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ እርምጃዋ ያጥራል፣ አንዳንዴም አልሄድም ብላ ትቆማለች። መኪና ግን አልችልም አይልም። ሞተሩ እስከ ጎተተ ድረስ ይሄዳል። አልችልም የሚልለት ያ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ጽሑፉ ከዋሸ መኪናው ጠበቃ የለውም።

ጽሑፉ የሚነግረን ነገር ቀላል ነው። መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነነዳጁና ከነሰዎቹ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ክብደት አለ። ከዚያ ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ የሚቀረው የመጫን አቅሙ ነው። ለምሳሌ በጠቅላላው ከ60 ኩንታል እንዳይበልጥ የተወሰነለትና ባዶውን 25 ኩንታል የሚመዝን መኪና፣ ሾፌሩንና ረዳቱን ጨምሮ 35 ኩንታል ይችላል እንበል። ይህ መኪና ጋራዥ ገብቶ ረጅምና ከባድ ካሶኒ ቢገጠምለትና ባዶ ክብደቱ 30 ኩንታል ቢደርስ፣ የሚቀረው አቅም 30 ኩንታል ብቻ ነው። ካሶኒው ስለሰፋ ግን እኛ 45 እና 50 ኩንታል እንጭንበታለን። ቦታው ጨመረ እንጂ አቅሙ ቀንሷል። ባሌስትራ መጨመርም መኪናው እንዳይጎብጥ ያደርግ እንደሆነ እንጂ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሻንሲውን አያጠነክርም።

በአገራችን የክብደት ጽሑፍ ከእውነቱ የሚለየው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ መኪናው ተለውጦ ጽሑፉ ሳይለወጥ ይቀራል። ያገለገሉ የዕቃ ማመላለሻ ቶዮታ ሃይኤሶች ከውጭ ገብተው፣ ጎናቸው ተቆርጦ መስኮት፣ ወለላቸው ተበስቶ ወንበር ሲገጠምላቸው ኖሯል። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ በባዕድ ቋንቋ ስለ ዕቃ ይናገራል፤ ውስጡ ያለው ግን ሰው ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መውጣቱ፣ በየዓመቱም ቦሎ ለመውሰድ ምርመራ መደረጉ በወረቀቱና በመኪናው መካከል ልዩነት እንዳይኖር ይረዳል። ሆኖም ምርመራው በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ጭነቱ ግን የየዕለት ሥራ ነው።

በቋንቋችን «ትርፍ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ነጋዴ የሚያገኘውም ትርፍ ነው፤ ከወንበር በላይ የተጫነው ሰውም ትርፍ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን የሚያመጣ ይመስለናል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ 15 ሰው በሚይዙ ቫኖች ላይ 10 እና ከዚያ በላይ ሰው ሲሳፈር፣ መኪናው ብቻውን አደጋ ሲደርስበት የመገልበጥ ዕድሉ ጥቂት ሰው ከያዘው ጋር ሲነጻጸር ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚጠጋ ገልጿል። ልብ በሉ፤ እነዚህ ቫኖች ገና ትርፍ አልጫኑም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 ፋየርስቶን የተባለው ኩባንያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጎማዎችን መልሶ ጠርቷል። በዚያ አገር ብቻ ከ200 በላይ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የጎማ ነፋስና የጭነት ልክ በመኪናው ላይ በግልጽ እንዲጻፍ ሕጉ ጠብቋል።

ወደ አካባቢያችን እንመለስ። በቆሎ ከተሰበሰበ በኋላ ከቡሬ፣ ከማንኩሳ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከጅጋና ከደምበጫ ስንት መኪና እንደሚነሣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኛ የምንቆጥረው በጆንያ ነው። አንድ ጆንያ አንድ ኩንታል ነው እንላለን። ነገር ግን በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ተጠቅጥቆ ሲሞላ ጆንያው 110 ኪሎ ሊሆን ይችላል። 35 ጆንያ በዚህ ሒሳብ 38 ኩንታል ተኩል ነው። በወረቀት አልበለጠም፤ በጎማው ላይ ግን በልጧል። ከላይ ደግሞ የእህሉ ባለቤትና ሁለት ሦስት መንገደኛ ይወጣሉ።

ይህ መኪና ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ከሆነ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መንገድ ቁልቁለትና ዳገት ነው። 303 ሜትር ርዝመት ያለው የኅዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አሳምሮልናል፤ ቁልቁለቱን ግን አላነሰውም። በቁልቁለት ላይ ክብደቱን የሚይዘው ፍሬን ነው። ክብደት ሲጨምር የፍሬኑ ግለት ይጨምራል፤ ከልክ በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቢረገጥም አይዝም። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ እስከ መጥራት ደርሶ ነበር። ስሙ የወጣው ለመኪናው ነው፤ ፍጥነቱና ከልክ ያለፈው ጭነት ግን የሰው ሥራ ነው።

መንገዱም የእኛ ንብረት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ በተደረገ ሰፊ ሙከራ፣ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት በእጥፍ ሲያድግ በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚጠጋ ታውቋል። በዚሁ ስሌት 10 ቶን ለሚፈቀድለት አክስል 12 ቶን ብንጭንበት ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ሁለት ቶን በማትረፍ አንድ መንገድ በሁለት መንገድ ዋጋ እንገዛለን ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱን የምናገኘው እኛው ነን።

«በልኩ ከጫንን የማጓጓዣ ዋጋ ይንርብናል፤ ገበሬው ከየት ያመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በልክ መጫን በኩንታል ጥቂት ብር ያስጨምራል። ነገር ግን አንድ መኪና ሲገለበጥ የሚጠፋው እህል የአባል ነው፤ ከጭነት ላይ የሚወድቀውም አባል ወይም የአባል ልጅ ነው። ሾፌሩ እንቢ ቢል ሌላ ሾፌር የምንጠራው እኛ ከሆንን፣ ሾፌሩን ብቻ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ መቆርቆር ነው። ይህን መርህ በመጫኛው ደጃፍ ላይ ካልፈጸምነው የት ልንፈጽመው ነው?

ስለዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለጉባኤው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የዩኒየኑ መኪኖች በሙሉ ባዷቸውን ምድር ሚዛን ላይ ይመዘኑ፤ ውጤቱም ከሊብሬያቸው ጋር ይመሳከር።

ሁለተኛ፣ ትክክለኛው የመጫን አቅም በኩንታል፣ በአማርኛ፣ ከሩቅ በሚታይ ፊደል በመኪናው ጎን ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በየመጋዘኑ ጆንያ በሚዛን እንጂ በግምት አይቆጠር።

አራተኛ፣ ከግል ባለመኪናዎች ጋር በምንዋዋልበት ጊዜ ከአቅም በላይ መጫንና በጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ውል የሚያፈርስ ይሁን። ከልክ በላይ አልጭንም ያለ ሾፌርም ሥራ አይከልከል።

አምስተኛው የራሳችንን ጽሑፍ ይመለከታል። በጆንያችን ላይ 50 ኪሎ ብለን ጽፈን 48 ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም የምርጥ ዘሩ ስም ከውስጡ ካለው ዘር ከተለየ፣ ገዢው እስኪከስሰን አንጠብቅ። ራሳችን አስታውቀን እንመልሰው፤ ወጪውንም እንቻል። ከፋብሪካ የምንጠይቀውን ከራሳችን ልንነፍግ አይገባም።

የዘንድሮው በቆሎ ከመጫኑ በፊት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ተፈጽመው እንድናይ የሥራ አመራር ኮሚቴውን በትሕትና እጠይቃለሁ።