ለአዲስ ንግድ ላፕቶፕ ስለ መግዛት
(ለይፋግ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



ሩዝና ሽንኩርት ለመነገድ የተነሣችሁ ልጆቻችን ላፕቶፕ ፍለጋ ባሕር ዳር መውረዳችሁ አይቀርም። ለሒሳብና ለዱቤ መዝገብ ያገለገለውም ይበቃል፤ አዲስ ካልሆነ ብሎ መበደር ምን ይሉታል?

ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11ን የሚቀበለው ደግሞ፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የተሠራው ነው። ስለዚህ ሻጩ «አይ ፋይቭ ነው» ሲላችሁ «ስንተኛው ትውልድ?» በሉት። ራሙ ከ8 ጊጋ አይነስ፤ ማስቀመጫው ኤስኤስዲ ይሁን።

የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ። ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት፤ ሻጩ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ለፍላሽ መግዣም ትንሽ አስቀሩ። የዱቤውን መዝገብ ማታ ማታ ገልብጡበት፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ «ይህን ያህል አለብኝ» ብሎ የሚመጣ ባለዕዳ እንጃ!