ስለ መርዘኛ እባብ ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

(የማኅበሩ ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያሰሙት ነው። በሥራ ምክንያት ላልተገኛችሁ እንዲደርስ እዚህ ተለጥፏል።)



የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው፤ እባብ። በትግርኛ ተመን የምንለው። ባለፈው ሳምንት ከኢንዱስትሪ ፓርኩ አጥር ወዲህ ባለው ቦይ ዳር አንዲት እፉኝት ተገድላለች። ልጆች ጅራቷን ይዘው ሲጎትቷት ነው የደረስነው። ሞታለች ተብሎ እባብ በእጅ አይያዝም። የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ለጊዜው መንከስ ይችላል። ይኼን ዛሬ ማታውኑ ለልጆቻችሁ ንገሩልን።

አንዳንድ ሰው «መርዘኛ እባብ ያለው ቆላ ነው፣ እዚህ ምን ያመጣዋል?» ይላል። እርግጥ ነው፣ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነች። እፉኝት ግን ይኼን ከፍታ ከቁም ነገር አትቆጥረውም። አጭርና ወፍራም ነች፣ መልኳ አፈርና ደረቅ ሣር ይመስላል። ሌላው እባብ ኮቴ ሲሰማ ይሸሻል፤ እሷ ተኝታ ትጠብቃለች። ስለዚህ ነው ሰው የሚረግጣት። «እፉኝት ስትወልድ ሆዷ ተቀዶ ትሞታለች» የሚባለውም ተረት ነው። ከሃያ እስከ አርባ የሚደርሱ ልጆች ወልዳ በሰላም ትሄዳለች። ልጆቹም ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ መርዝ አላቸው። እንግዲህ አንዷን ገደልን ብለን እፎይ አንልም።

ወደ ግቢያችን የሚጠራት ማነው? አይጥ ነው። አይጥን የሚጠራው ደግሞ እኛው የምንጥለው ትርፍራፊና ሳይከደን የሚያድር እህል ነው። ከዚያ ጭቃ ያልገባበት የድንጋይ ካብ አለ፣ ከግድግዳ ተጠግቶ የተከመረ እንጨት አለ፣ ከግንባታ የተረፈ ድንጋይና ቆርቆሮ አለ። የበለስ አጥራችንም ሥሩ ካልጸዳ ጥሩ መደበቂያ ነው። አሁን ክረምቱ እየገባ፣ በለሱም እየደረሰ ነው፤ ልጆች ደግሞ ባዶ እግራቸውን እጃቸውን እየሰደዱ ነው የሚለቅሙት። በረጅም እንጨት ይልቀሙ፣ ጫማ ያድርጉ። ከፓርኩም ሆነ ከሌላ ቦታ ማታ የምትመለሱ ሠራተኞች የሞባይላችሁን መብራት ከእግራችሁ ፊት አብሩ። መሬት ላይ የምትተኙ ከቻላችሁ ቆጥም ቢሆን ሥሩ፤ ካልሆነ አጎበሩን ከፍራሹ ሥር በደንብ ወትፉት። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በር ላይ መበተኑን እኔ አልከለክልም፣ ግን በዚያ ተማምኖ ካቡን ሳያነሱ መተኛት አይሆንም።

እባብ ካያችሁ ራቁ፣ ሌላውን አስጠንቅቁ። በዱላ ልግደል ሲል የሚነደፈው ሰው ብዙ ነው። በአገራችን መርዟን ወደ ዓይን የምትተፋ ኮብራም አለች። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ ሳያሹ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ባለፈው ዓመት ክረምት እዚሁ አካባቢ አንድ የቀን ሠራተኛ ድንጋይ ሲያነሳ እጁን ተነደፈ። ሰዎች ሊረዱት ብለው ክንዱን በገመድ ጠፈሩት፣ ቁስሉን በምላጭ በጡት፣ ቅጠል ፍለጋ ሰው ላኩ። ከዚያ ለመኪና ገንዘብ ማዋጣት ተጀመረ። ከሦስት ሰዓት በላይ እንዲህ ሄደ። ሐኪም ቤት ሲደርስ እጁ ጠቁሯል። ነፍሱ ተረፈች፣ ሁለት ጣቶቹ ግን ተቆረጡ። የእፉኝት መርዝ ሥጋ ይገድላል፤ ገመዱ ደግሞ ደሙን አግዶ እዚያው ያብሰዋል። ስለዚህ ማሰር፣ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ አረቄ ማጠጣት የለም። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት እብጠቱ ሳይመጣ ይውለቅ። የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ስብራት በእንጨት ተደግፎ አይንቀሳቀስ። ሰውየው አይሩጥ፣ በእግሩም አይሂድ። የዓይኑ ቆብ ከወረደ ወይም መናገር ካቃተው መርዙ ወደ መተንፈሻው እየሄደ ነውና አንድ ደቂቃም አይባክን። ወደ ዓይደር ወይም ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ነው። አንዱ ሰው ቀድሞ ስልክ ይደውልና ማርከሻው መኖሩን ይጠይቅ።

ስለ ስልኩ የምናገረው በምክንያት ነው። የመርዝ ማርከሻው መርፌ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ለአፍሪካ እባቦች ይረዳ የነበረው ፋቭ አፍሪክ የሚባለው ማርከሻ በ2006 ዓ.ም. ምርቱ ቆሟል፤ የመጨረሻው ክምችት ጊዜም በ2008 ዓ.ም. አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ችላ ከተባሉ በሽታዎች ተራ ያስገባው በ2009 ዓ.ም. ነው፤ ፓርካችን በተመረቀበት ዓመት መሆኑ ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ይሞታል። በአገራችን በጣም የሚጎዱት ወደ ቆላ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ የሚወርዱ ወጣቶች ናቸው። በአማራ ክልል አብዱራፊ ላይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት እነዚህን ሠራተኞች ሲያክሙ ቆይተዋል። ከእኛም ሰፈር ለሰሊጥ የሚሄድ ልጅ አይጠፋምና፣ ቦት ጫማ ሳይዝ አይሂድ።

አብዱራፊ የሚነደፈው ሰው ከእርሻው እስከ ሐኪም ቤት ሩቅ ነው። እኛ ከተማ ውስጥ ሆነን ለባጃጅ ገንዘብ ስናዋጣ ሦስት ሰዓት ማጥፋታችን ግን ምን ይባላል?

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው። ለሌሊት ሕመምተኛ መጓጓዣ የሚሆን ገንዘብ ከማኅበሩ ሣጥን ወጥቶ በዘብ ቤት ይቀመጥ፤ ለእባብ ብቻ ሳይሆን ለምጥም ይሁን። «ገንዘቡ ይበላል» የሚል ቅሬታ ሰምተናል። ዘበኛው ብቻውን አያወጣም፤ አንድ የሰፈር ሰው አብሮ ይፈርማል፣ ሒሳቡም በየወሩ እዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አጥሩን እናስቀድም የምትሉም አላችሁ። አጥሩ ለመስከረም ቢቆይ የሚሞት የለም።

ቅዳሜ ጠዋት በ2 ሰዓት ከቦይ ጀምረን እናጸዳለን። ገጀራ፣ አካፋና ረጅም እንጨት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ድንጋይ በእጅ አይነሳም፣ መጀመሪያ በእንጨት ይገለበጣል። ክፍት ጫማ ያደረገ ሰው ወደ ቦይ አይወርድም፣ ቆሻሻውን ከዳር ይቀበላል። በገንዘቡ ላይ ድምፅ የምንሰጠው እዚያው ሥራው ሲያልቅ ነው።